«ተመስገን» የምንለው ለምንድን ነው?
(ጸሎታችን እስኪመለስ ድረስ እያመሰገኑ ስለ መጠበቅ)



የዛሬው ትምህርታችን የሚነሣው ሁላችንም በየቀኑ ከምንናገረው ከአንድ ቃል ነው። ጎረቤት «እንደምን አደራችሁ?» ሲለን «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። የታመመ ሰው ልንጠይቅ ሄደን «እንዴት ነህ?» ስንለው፥ ሌሊቱን ሙሉ ሲቃትት ያደረ ሰው እንኳ «ተመስገን ነው» ይለናል። የያዘችው ገንዘብ ያሰበችውን ያህል ጤፍ ያልገዛላት እናትም ከገበያ ስትመለስ «ተመስገን፤ ይህንንስ ያጣ አለ» ትላለች። ቃሉ ከአፋችን የማይለይ በመሆኑ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብለን አንመረምረውም። እኔም አንድ ቀን ይህ ቃል እስካስቆጣኝ ድረስ መርምሬው አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የተነገረው በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ነበር። ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከ100 ተማሪ 97ቱ ያህል የተመኙትን ሳያገኙ ቀሩ ማለት ነው። እኔም ከእነርሱ አንዷ ነበርሁ።

ከፈተናው በፊት ስለዚህ ጉዳይ ያልጸለይሁበት ቀን አልነበረም። በፍልሰታ ጾም ቅዳሴ አላስታጎልሁም። «ካለፍሁ ለቤተ ክርስቲያን ጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተስያለሁ። ውጤቱን በስልክ ባየሁ ጊዜ እናቴ ቡና ትቆላ ነበር። ቁጥሩን ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና «ተመስገን» አለች። እኔም ንዴት ያዘኝ። «ለምኑ ነው ተመስገን የምትይው? ስለ ወደቅሁ ነው?» ብዬ ጮኽሁባት። እናቴ መቁያውን ከምድጃው አወረደችና እንዲህ አለችኝ፦ «ስለ መውደቅሽ አይደለም፤ እርሱ አሳዝኖኛል። ለፈተናው ከቤት ወጥተሽ ስትሰነብቺ እንቅልፍ አልነበረኝም። በጤና ስለ ተመለስሽልኝ ያን ጊዜም አመስግኛለሁ፤ ዛሬም አልተውሁትም።»

ያን ዓመት ፈተናው የተሰጠው በየዩኒቨርሲቲው ስለ ነበረ እውነትም ከቤታችን ወጥተን ነበር የሰነበትነው። እኔ ግን መልሱ አላጽናናኝም። ለብዙ ሳምንታት ከቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። ስጸልይም ቃሉ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከዚያ ወዲህ በዝግታ የተማርሁትን ነው።

1. ሐና ፊቷ የተለወጠው መቼ ነው?

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 የሐናን ታሪክ እናገኛለን። ሐና ልጅ አልነበራትም። የባሏ የሕልቃና ሌላይቱ ሚስት ፍናና ግን ልጆች ነበሯት። ቤተሰቡ በየዓመቱ ሊሰግድና ሊሠዋ ወደ ሴሎ ሲወጣ ፍናና ሐናን ታስቆጣት ነበር። «በየዓመቱ» የሚለውን ልብ በሉ። ሐና የጠበቀችው አንድ ሰሞን ብቻ አይደለም። በዓል በመጣ ቁጥር፥ ሰው ሁሉ በሚደሰትበት ቀን፥ ቁስሏ እንደ ገና ይነካ ነበር። እኛም እናውቀዋለን። ሥራ ያጣ ወጣት የሚጨነቀው በበዓል ቀን ዘመድ ተሰብስቦ «አሁን ምን ትሠራለህ?» ሲለው ነው።

ሐና ምግብ አልበላ አላት። ወደ መቅደሱ ሄዳ በመራራ ልብ ጸለየች፤ እጅግም አለቀሰች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምጿ ስላልተሰማ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለውና ገሠጻት። እርስዋም የልቧን ኀዘን በእግዚአብሔር ፊት እያፈሰሰች መሆኗን በትሕትና ነገረችው። ዔሊም በሰላም እንድትሄድ መርቆ አሰናበታት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ደረስን። በቁጥር 18 እንደ ተጻፈው ሐና ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከዚያ ወዲያ ያዘነ አልሆነም። በማግሥቱም በማለዳ ተነሥተው ሰግደው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ወጣቶች ሆይ፥ በዚያች ሰዓት በሐና ኑሮ ውስጥ ምን የተለወጠ ነገር ነበር? ገና አልፀነሰችም። ፍናናም ያው ፍናና ናት፤ የሚመለሱትም ወደዚያው ቤት ነው። ሳሙኤል የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው። ፊቷ ግን አስቀድሞ ተለወጠ። የተለወጠው የለመነችውን ስለ ተቀበለች ሳይሆን፥ የለመነችውን ለማን እንደ ሰጠች ስላወቀች ነው።

ብዙዎቻችን የሐናን ታሪክ ስንናገር ከልቅሶዋ ወደ ሳሙኤል መወለድ ዘልለን እንሄዳለን። «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» የሚለውን ተረት ጨምረን እንዘጋዋለን። በልቅሶውና በልደቱ መካከል ያለችውን ያችን ማለዳ ግን እናልፋታለን። እኛ ያለነው በዚያች ማለዳ ላይ ነው። ጸልየናል፤ መልሱ ገና አልመጣም፤ ወደ ቤታችን ግን መመለስ አለብን። ጥያቄው፥ ስንመለስ በልተንና ሰግደን ነው ወይስ አኵርፈን?

2. ምስጋና ምን አይደለም?

ምስጋና ምን እንደሆነ ከማወቃችን በፊት ምን እንዳልሆነ መለየት ይጠቅመናል።

ሀ) ምስጋና ኀዘንን መደበቅ አይደለም። ሐና አልቅሳለች። ነቢዩ ዳዊትም በመዝሙር 12 (በሌላው አቈጣጠር 13) ጸሎቱን የሚጀምረው እስከ መቼ ድረስ እንደሚረሳ እግዚአብሔርን በመጠየቅ ነው። ያው መዝሙር ግን የሚያበቃው በምስጋና ነው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል የዳዊት ጠላቶች መጥፋታቸው አልተነገረንም። እንግዲህ «እስከ መቼ?» ብሎ መጠየቅ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ በየቀኑ በምንደግመው መዝሙር ውስጥ ባላገኘነው ነበር። የከፋን ወጣት «አታልቅስ፥ አመስግን» ብለን አፉን መዝጋት ተገቢ አይደለም። አልቅሶ ማመስገን ይቻላልና።

ለ) ምስጋና እጅ መንሻ አይደለም። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ጉዳይ ያለው ሰው የመኳንንት ደጅ ይጠና ነበር። ማለዳ ተነሥቶ ከደጃፉ ይቆማል፤ ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሣል፤ እንዲታሰብለትም እጅ መንሻ ያቀርባል። እኛም «የእግዚአብሔርን ደጅ እየጠናሁ ነው» ስንል ቃሉን የወሰድነው ከዚያ ነው። አነጋገሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። መኰንኑ ጉዳያችንን ላያውቀው ይችላል፤ እጅ መንሻውም ያስታውሰው ይሆናል። እግዚአብሔር ግን ሳንነግረው ያውቃል፤ የሚጐድለውም የለም። ስለዚህ «ብዙ ካመሰገንሁ ቶሎ ይሰጠኛል» ብሎ ማሰብ ምስጋናን ወደ ንግድ መለወጥ ነው። እኔ የተሳልሁትን ጥላ መለስ ብዬ ሳስበው እንዲህ ያለ ነገር ነበረበት። ስለት ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሐናም ተስላለች። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ብዙ ሕዝብም ስለቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ነገር ግን ሐና የተሳለችው እንዲሰጣት የለመነችውን ያንኑ ልጅ ለእግዚአብሔር መልሳ ለመስጠት ነው። እኔ የተሳልሁት ግን ሁሉን ለራሴ አስቀርቼ ጥላውን ለእርሱ ልሰጠው ነበር። ሳላልፍ ስቀርም ውል እንደ ፈረሰበት ነጋዴ አኰረፍሁ።

ሐ) ምስጋና እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ሐና ወደ ቤቷ ተመልሳ ኑሮዋን ቀጠለች። የታመመ ሰው እየጸለየ ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ መድኃኒቱንም አያቋርጥም። ተማሪም እየጸለየ ያጠናል። የምናመሰግነው የምንሠራበት ኃይል እንዳይደርቅ ነው።

መ) ምስጋና በሌላው ላይ የምንፈርድበት ሚዛን አይደለም። በሐና ታሪክ ውስጥ የሚጠብቀውን ሰው የሚያቈስሉ ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ። ፍናና በግልጽ ታስቆጣለች። ዔሊ ሳይጠይቅ ይፈርዳል። ሕልቃና ደግሞ ከልቡ ይወዳታል፤ ሆኖም እርሱ ራሱ ከዐሥር ልጆች ሊበልጥባት እንደሚገባ በመናገር ኀዘኗን ያሳንሰዋል። እኛስ? መልስ ያልመጣላትን እኅት «እምነትሽ ቢጐድል ነው» አላልናትም? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ስለ ዘካርያስና ስለ ኤልሳቤጥ ሲነገር አስቀድሞ የተጻፈው ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን እንደ ነበሩ ነው፤ ልጅ እንዳልነበራቸው የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ የሚያስተምረን የመልስ መዘግየት የበደል ምልክት አለመሆኑን ነው።

3. ቤተ ክርስቲያን ምስጋናን የት አኖረችው?

ቅዳሴ ስናስቀድስ ልብ ብለን ከተከታተልን በመጀመሪያው ክፍል የቅዱስ ባስልዮስ የምስጋና ጸሎት፥ ይኸውም ጸሎተ አኰቴት፥ ይደርሳል። ካህኑ በዚህ ጸሎት እግዚአብሔርን የሚያመሰግነው ጠብቆና ረድቶ እስከዚያች ሰዓት ስላደረሰን ነው። ስለ ሕሙማን፥ ስለ መንገደኞች፥ ስለ ዝናም፥ ስለ ምድር ፍሬ የሚቀርቡት ልመናዎች የሚመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ ሥርዓት የተሠራው ሁሉ ለሞላላቸው ሰዎች አይደለም። በቅዳሴው መካከል የታመመም፥ የተራበም፥ ልጁ የሞተበትም ቆሟል። ሁሉም ግን ልመናውን ከመናገሩ አስቀድሞ «እስከዚህች ሰዓት አድርሰኸኛል» እንዲል ይማራል።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው በእስራት ሳለ ነው። በዚያ መልእክት ምዕራፍ 4 ቁጥር 6 ላይ ልመናችንን ለእግዚአብሔር እንድናስታውቅ ሲመክረን፥ ከምስጋና ጋር እንዲሆን ይነግረናል። የለመንነውን ከተቀበልን በኋላ አመስግኑ ብቻ አላለም፤ ምስጋናውን ከልመናው ጋር አንድ ላይ አስሮታል።

ምስጋና ቀድሞ የሚመጣው ለምንድን ነው? ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ሲሻ ዓይኑ በዚያ ነገር ላይ ብቻ ይተከላል። ያልተሰጠው አንዱ የተሰጡትን ብዙዎች ይሸፍንበታል። እኔ ውጤቱን ባየሁበት ቀን የነበሩኝን ልቈጥር ብል፥ በእሳት ዳር ተቀምጣ ቡና የምትቆላ እናት ነበረችኝ፤ ጤንነት ነበረኝ፤ ማንበብና መጻፍ አውቃለሁ። አንዱም አልታየኝም። ምስጋና አዲስ ነገር አይፈጥርም፤ የተሸፈነውን ይገልጣል። ትናንት የጠበቀንን ስናስታውስ፥ ነገን ለእርሱ ማመን ይቀልለናል። መታመን ከማስታወስ ይወለዳል የምንለው ስለዚህ ነው።

ደግሞም በመጠበቅ ጊዜ ማመስገን ያልለመደ ሰው በተቀበለ ጊዜም ይረሳል። በሉቃስ ምዕራፍ 17 ዐሥር ለምጻሞች ነጹ፤ ሊያመሰግን የተመለሰው ግን አንድ ሰው፥ እርሱም ሳምራዊ ነበር። ዘጠኙም ልመናቸው ተመልሶላቸዋል። ስጦታውን ይዘው ሄዱ፤ ወደ ሰጪው ግን አልተመለሱም።

4. አገልግሎትን ሳይተዉ መጠበቅ

ወደ ዘካርያስ እንመለስ። መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ለዘካርያስ የተገለጠለት የት ነበር? በመቅደስ ውስጥ፥ ዕጣው ወጥቶለት በሚያጥንበት ሰዓት ነው። ዘካርያስ አርጅቷል፤ ሚስቱም አርጅታለች። ልመናው ለብዙ ዓመታት መልስ አላገኘም። ይሁንና «እኔ የማገለግለው አምላክ አልሰማኝም» ብሎ ጥናውን አልጣለም። ተራው በደረሰ ጊዜ ገብቶ ስለ ሕዝቡ አጠነ። መልአኩም ጸሎቱ እንደ ተሰማለት ያበሠረው በዚያው ላይ ነው።

ዘካርያስ ፍጹም እንዳልነበረም መጽሐፉ አይደብቅም። ብሥራቱን በሰማ ጊዜ ተጠራጠረ፤ ሕፃኑ ተወልዶ ስም እስኪወጣለት ድረስም ዲዳ ሆነ። ይህም ያጽናናናል። ረጅም መጠበቅ ተስፋን ሊያደክም ይችላል። እግዚአብሔር ግን በዘካርያስ ድካም ምክንያት ስጦታውን አላስቀረበትም።

እኔ ከሰንበት ትምህርት ቤት ቀርቼ በነበረ ጊዜ፥ ከመዘምራኑ አንዲት እኅት ሁለት ጊዜ ቤት ድረስ መጣች። ስለ ፈተናው አንዳች አልጠየቀችኝም፤ አልመከረችኝምም። በመጀመሪያው ቀን ከእናቴ ጋር ቡና ጠጥታ ሄደች። በሁለተኛው ቀን «ለሕፃናቱ ክፍል ፊደል የሚያስቈጥር ሰው አጥተናል፤ ትመጪልን?» አለችኝ። መጀመሪያ እምቢ ልል ነበር፤ ይሉኝታ ይዞኝ ሄድሁ። ስድስት ሕፃናት ነበሩ። «ሀ» እና «ሐ»ን እየተምታቱባቸው ሲያነቡ ሳቅሁ። ከጥር ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነበር። እነርሱን ለማስተማር ስል እሑድ እሑድ ከቤት ወጣሁ፤ ከወጣሁም ቅዳሴ አስቀደስሁ። ጸሎቴ የተመለሰልኝ በንግግር ሳይሆን በሥራ ነው። ስለዚህ ከመካከላችን የቀረ ወንድም ወይም እኅት ካለ፥ ለምን ቀረህ ብሎ ከመጠየቅ በፊት የሚሠራው ነገር እንስጠው።

5. ባይሆንስ?

እስከዚህ ድረስ ያነሣናቸው ሐናም ዘካርያስም በመጨረሻ የለመኑትን አግኝተዋል። አንድ ወጣት «እኔ ግን ባላገኝስ?» ቢል ምን እንመልስለታለን? ይህን ጥያቄ ሸሽተን ማለፍ የለብንም።

ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋውን የሚወጋው ነገር እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኗል (2ኛ ቆሮንቶስ 12)። አልተወገደለትም፤ የእግዚአብሔር ጸጋ እንደሚበቃው ግን ተነገረው። ሠለስቱ ደቂቅም በባቢሎን እሳት ፊት በቆሙ ጊዜ ለንጉሡ የመለሱት መልስ (ዳንኤል 3) ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ባያድናቸውም እንኳ ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ ነው። መታመናቸው የተመሠረተው በመዳናቸው ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን ክፍል ሊናገሩት አይችሉም ነበር።

በግእዙ የዳዊት መጽሐፍ ከመዝሙራቱ ቀጥሎ መኃልየ ነቢያት የሚባሉ 15 ጸሎቶች ይገኛሉ። የሐና ጸሎት ከእነርሱ አንዱ ነው፤ የሠለስቱ ደቂቅም፥ የነቢዩ ዕንባቆምም አለ። ሐና የዘመረችው ከተቀበለች በኋላ ነው። ሠለስቱ ደቂቅ የዘመሩት በእሳቱ መካከል ነው። ዕንባቆም ደግሞ በለሷ ሳታፈራ፥ እርሻው እህል ሳይሰጥ፥ በጎቹም ከበረት ሲጠፉ በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው ተናገረ። አባቶቻችን ሦስቱንም በአንድ ጥራዝ ማኖራቸው ለሁላችንም ስንቅ ነው። ዛሬ የሐናን ጸሎት ለመጸለይ ያልበቃ ሰው የዕንባቆምን ይጸልይ።

ስለ እናቴ «ተመስገን» የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው። እናቴ አንድ ታናሽ ወንድም ነበራት። ወደ ዓረብ አገር ለመሻገር ከቤት ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ብዙ ዓመት አልፏል። ሞተ ብሎ ያረዳን የለም፤ አለ ብሎ የነገረንም የለም። እናቴ በየማለዳው ስለ እርሱ ስትጸልይ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር። ለምጄው ስለ ነበር ግን አላስተዋልሁትም። አንድ ቀን «እማዬ፥ ስለ አጎቴ ስትጸልዪ ምን ትያለሽ?» አልኋት። «መጀመሪያ አብረን ስላደግንባቸው ዓመታት አመሰግናለሁ። ከዚያ ባለበት ጠብቀው እላለሁ። ካለም በአንተ እጅ ነው፥ ከሌለም በአንተ እጅ ነው ብዬ እነሣና እሳት አነድዳለሁ» አለችኝ። ያን ጊዜ ጥር ወር ላይ የጮኽሁባት ትዝ አለኝ። «ለምኑ ነው ተመስገን?» ብዬ የጠየቅኋት ከእኔ ይልቅ እጅግ የረዘመ መጠበቅ የምታውቅ ሴት ነበረች። እግሯን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኋት።

6. ምን እናድርግ?

ትምህርት ያለ ሥራ ባዶ ነውና ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን አራት ነገሮች በዚህ ወር እንሞክራቸው።

አንደኛ፥ ስንጸልይ ቅደም ተከተል ይኑረን። ጸሎተ አኰቴትን ምሳሌ አድርገን ከልመናችን በፊት ቢያንስ አንድ የተቀበልነውን ነገር በስሙ ጠርተን እናመስግን። «ስለ ሁሉም ነገር ተመስገን» ብለን በጅምላ ከማለፍ ይልቅ «ዛሬ ስለ በላሁት እንጀራ፥ ትኵሳቱ ስለ ለቀቀው ወንድሜ» ብንል ልባችን ይነቃል።

ሁለተኛ፥ ትንሽ ደብተር እንያዝ። እኔ ማታ ማታ አንዲት መስመር እጽፋለሁ። አንዳንድ ቀን የምጽፈው አጣና «ዛሬ ዘነበ» ብዬ ብቻ እተኛለሁ። ከወራት በኋላ ሳነበው ግን እግዚአብሔር ያልጐበኘኝ የመሰለኝ ጊዜ ሁሉ እንዲያ እንዳልነበረ አያለሁ።

ሦስተኛ፥ ኀዘናችንን ለንስሐ አባታችን ወይም ለምናምነው ሰው እንንገር። ሐና የልቧን ለዔሊ ከነገረችው በኋላ ነው ተመርቃ የሄደችው። ብቻውን የሚጠብቅ ሰው ቶሎ ይደክማል።

አራተኛ፥ ከእኛ የረዘመ ዘመን የሚጠብቅ አንድ ሰው ፈልገን እንጠይቀው። አረጋዊው ስምዖንና የ84 ዓመቷ መበለት ሐና ሕፃኑን ኢየሱስን ያዩት በመቅደስ ሲጠብቁ ነው (ሉቃስ 2)። በየደብራችንም በየማለዳው ከዓውደ ምሕረቱ የማይጠፉ እናቶችና አባቶች አሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብለን «እንዴት ቻሉት?» ብንላቸው ከዚህ ጽሑፍ የበለጠ ይነግሩናል።

ማጠቃለያ

ውድ ወጣቶች፥ የእኔ ጸሎት ይህን እስከጻፍሁበት ቀን ድረስ አልተመለሰም። ሁለተኛ ጊዜ ተፈትኜ ከፊተኛው የተሻለ ቢሆንም የሚያስገባ አልሆነልኝም። አሁን ቀን ቀን በአንድ ልብስ ሰፊ ቤት እሠራለሁ፤ ማታ ማታ አጠናለሁ፤ ለሦስተኛ ጊዜም ልፈተን አስቤአለሁ። ባልፍ ደስ ይለኛል። ባላልፍ አለቅሳለሁ፤ ይህንን አልደብቃችሁም። ነገር ግን አልቅሼ ስጨርስ እንደ ሐና ተነሥቼ እንድበላ፥ በማግሥቱም በማለዳ ሰግጄ ወደ ሥራዬ እንድሄድ እለምናለሁ። የሕፃናቱ ክፍልም ዛሬ አሥራ አንድ ደርሷል፤ እሑድ የሚጠብቁኝ አሉ።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ጎረቤት «እንደምን አደራችሁ?» ሲለን ቃሉን ከልባችን እንበለው። ያደርነው በራሳችን አይደለምና። ደጁን የምንጠናው ጌታ እኛን ሲያሳድረን ያደረ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሐና ከመቅደስ ስትወጣ ፊቷ የተለወጠው ለምን ይመስላችኋል? በዚያ ሰዓት ያልተለወጡትን ነገሮች ዘርዝሩ።
2. ስለትና እጅ መንሻ በምን ይለያያሉ? የራሳችሁን ስለት መርምሩ።
3. መልስ እየጠበቀ ላለ ወንድም ወይም እኅት እንደ ሕልቃና ተናግረን እናውቃለን? ከዚያ ይልቅ ምን ብንል ወይም ምን ብናደርግ ይሻል ነበር?
4. የሐናን፥ የሠለስቱ ደቂቅንና የዕንባቆምን ጸሎት አንብባችሁ፥ ዛሬ ለእናንተ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ ተነጋገሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር